የአደራው ቫዮሊን

ውብአየሁ በዳንግላ ስልክ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ራሷን የሚያገናኛት አጣች። ባሏ ኪዳኑ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንድ ልጇ ሀብቱ ሐዋሳ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይደውልና «እማዬ፣ ነይና እኛ ጋ ኑሪ» ይላታል። እሷም «ክረምቱ ይውጣና እናያለን» ትለዋለች። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ «በጋው ይለፍና» ትላለች።

ዐይኗ እየደከመ ቢሄድም ጆሮዋ እንደ ድሮው ነበር። በሥራ ዘመኗ ስንቱን ሰምታለች፤ የጫግኒን እህል ነጋዴዎች፣ ልጃቸው ወታደር የሆነባቸውን እናቶች፣ መርዶ ለመናገር ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሽማግሌዎች። ገና «ሃሎ» ሲሉ ማን እንደሆኑና ምን ይዘው እንደመጡ ታውቅ ነበር።

ጓሮዋ ውስጥ የምታከራያት አንዲት ክፍል አለች። ፋና የምትባል ወጣት የሙዚቃ መምህርት ለሁለት ዓመት ኖራባታለች። ፋና የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ይዛ የመጣችው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ጥቁር የቫዮሊን ሳጥን ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ቫዮሊኗን ታወጣለች። ውብአየሁ ጎመን እየቀነጠሰች ከሆነ እጇን ገታ አድርጋ ታዳምጣለች።

እውነቱን ለመናገር ዘፈኑን ያን ያህል አልወደደችውም። የምትወደው ከዘፈኑ በፊት ያለውን ነበር። ፋና መጀመሪያ አንዷን ክር ብቻዋን ታሰማለች፤ ቀጥላ ሁለት ክሮች በአንድ ላይ ትስብና የአንዷን መቃኛ በጥቂቱ ታዞራለች። ሁለቱ ድምፆች መጀመሪያ ይነታረካሉ፤ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጠቡ ይበርዳል። ውብአየሁ ስልክ ቤት ሳለች፣ ሩቅ መስመር ሲገባላትና ጫጫታው ጥርግ ብሎ የሰው ትንፋሽ ሲመጣ የሚሰማት ዓይነት እፎይታ ይሰማት ነበር።

ታዲያ በአንድ የኅዳር ጧት፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፈተ ተባለ። የፋና እናት ታማ ነበርና ልጅቷ እየተጣደፈች ወደ መናኸሪያ ወጣች፤ ውብአየሁም ልትሸኛት ተከተለቻት። ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ሾፌሩ ሳጥኑን አይቶ፣ «ወይ እሱን ተይው፣ ወይ አንቺም ቅሪ» አላት።

ፋና ሳጥኑን ውብአየሁን አሳቀፈቻት። «እትዬ፣ አደራ። መንገዱ ሲረጋ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ሂጂ ልጄ። እናትሽን ይማርልሽ።»

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ውብአየሁ ሳጥኑን መኝታ ቤት ካለው ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ክፍሏንም ለማንም አላከራየችም። የአጥር ጎረቤቷ ስሜነሽ፣ «ኧረ አንች ሴት፣ ቤት ሰው ካልኖረበት ይፈርሳል፤ ምነው ለአንዱ ብትሰጭው?» ስትላት፣ «ሰው አለበት» ብላ ትመልሳለች። ፋና መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ከዚያ በየወሩ ሆነ። በኋላ ኔትወርኩም እየጠፋ፣ እሷም እየጠፋች ሄደች።

ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። በጥር፣ ነፋሱ ደርቆ የበር ሳንቃ በሚሰነጥቅበት ሰሞን፣ ውብአየሁ ምሳዋን በልታ ስትነሣ ከመኝታ ቤት «ጥርርር» የሚል ድምፅ ሰማች። አይጥ መስሏት ገባች። ድምፁ የመጣው ግን ከሳጥኑ ውስጥ ነበር። አውርዳ ከፈተችው። እንጨቱ በድርቁ ኮስሶ መቃኛዎቹ ተንሸራትተዋል። ከአራቱ ክሮች ሁለቱ ልፍስፍስ ብለዋል። በጣቷ ብትነካቸው አንዱ ዝም አለ፤ ሌላው እንደ ታመመ ሰው አጉረመረመ።

ደነገጠች። ልጅቷ ነገ መጥታ ሳጥኑን ብትከፍተው ምን ትላለች?

«እንደነበረ አድርጌ ነው የምመልሰው» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ከራሷ ጋር ጮክ ብላ ማውራት ከጀመረች ቆይታለች።

ደጋኑን ላለመንካት ወሰነች። መጫወት የባለቤቷ ነው፤ የእሷ ድርሻ ክሮቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ብቻ ነው። ግን ከየት ይጀመራል? ፋና የክሮቹን ስም ነግራት ነበር፤ ከወፍራሟ ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ሁልጊዜ የምትጀምረው ከላ ነበር። ላ ከተገኘች ሌሎቹ ከእሷ ይገኛሉ። ላን ግን ከየት ታምጣት? ፋና ለዚህ የምትከፍተው ነገር ስልኳ ላይ ነበራት። የውብአየሁ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ኢንተርኔት የሚባለውም ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል።

ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቫዮሊኑን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ የፋናን ላ ለማስታወስ ሞከረች። ሰኞ ያገኘችው የመሰላትን ማክሰኞ ስትሰማው ሌላ ይሆንባታል። ረቡዕ ሁለቱንም አላመነቻቸውም።

በስምንተኛው ቀን የቤቱን ስልክ ስትወለውል መነጋገሪያው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ማንም ከደወለበት ዓመት ቢያልፈውም መስመሩ አልተቆረጠም ነበር። ከወለሉ ላይ ያ ለመደወል የሚጋብዘው ረጅም «ቱ…» ተሰማ።

ውብአየሁ መወልወያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ይህን ድምፅ የዕድሜዋን እኩሌታ ሰምታዋለች፤ ልብ ብላው ግን አታውቅም። ቁርጥ የፋናን ላ መሰላት።

መነጋገሪያውን አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀምጣ መቃኛውን ማዞር ጀመረች። ትንሽ እንደቆየ ስልኩ መስመሩን ይዘጋና «ቱ፣ ቱ፣ ቱ» እያለ ይቆራረጥባታል፤ ዘግታ እንደገና ታነሣለች። መቃኛውም አልታዘዝ አላት። በቀስታ ስታዞረው አይንቀሳቀስም፤ ጠንከር ስትል ዘሎ ያልፋል፤ ስትለቀው እየተንሸራተተ ይመለሳል። ላን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀባት። ያገኘቻት ዕለት ቀስ ብላ ሳጥኑን ዘጋች፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት እንደምትፈራ እናት።

በማግሥቱ ቀጭኗን፣ ሚን፣ ያዘች። ከላ ጋር አልስማማ ብላት ጥቂት ከፍ አደረገቻት፤ አሁንም ከፍ፤ አሁንም። «ጧ!» አለ። የተበጠሰው ክር የእጇን ጀርባ ገርፎ ቀይ መስመር ጣለበት። ውብአየሁ ተጠቅልሎ የቀረውን ቁራጭ እያየች ብዙ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የላላ ክር ነበር፤ ይህኛው ግን በገዛ እጇ የጠፋ አደራ ነው።

ነገሩን የነገረችው ለስሜነሽ ነበር። ስሜነሽ የእህቷን ልጅ ያስተማረ አዝመራው የሚባል የሙዚቃ መምህር እንጅባራ እንዳለ አስታወሰች። ውብአየሁ ሰኞ ጧት ሳጥኑን ታቅፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ማዳበሪያ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ለስንት ጊዜ ከዳንግላ ሳትወጣ እንደኖረች ያን ጊዜ ነው ያሰበችው።

አዝመራው በአርባዎቹ ያለ፣ ጠጉሩን አጭር የተቆረጠ ሰው ነው። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ከጥበቃው ሽማግሌ ጋር በአዊኛ ሲያወጋ ደረሰችና ወደ አማርኛ ዞሮ ተቀበላት። የክፍሉን በር ከፍቶ ቫዮሊኑን ብርሃን ላይ አየው።

«ሊማሩ ነው፣ እናቴ?»

«የለም። የሰው አደራ ነው። በጠስሁባት።»

አዝመራው ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ይህ ክር አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም» አለ። ወዲያው ከግድግዳው ላይ የራሱን ቫዮሊን አወረደና ቀጭኑን ክር መፍታት ጀመረ።

«ኧረ በማርያም! የራስህን?»

«እኔ ክፍል ውስጥ የምጠቀመው ኪቦርድ ነው። ይችን ከዓመት አንዴም አላወርዳት።»

ክሩን እየጠመጠመ አሳያት። መቃኛ ሲዞር ወደ ውስጥ እየተገፋ ነው። ሲንሸራተት ጠመኔ ይቀባል፤ ሲጠብቅ ሳሙና። አራቱን ክሮች በአንድ ጊዜ ማላላት አይገባም፤ ክሮቹን የሚደግፈው ብርኩማ ይወድቃል።

«ላን ከየት አገኙ?» አላት።

«አለኝ» አለች፤ የስልኩን ነገር መናገር አፈረች።

«ደህና። አሁን ላንና ሚን አብረው ይንኩ። ምን ሰሙ?»

«ሁለት ድምፅ።»

«ሌላስ?»

እንደገና ነካችው። ድምፁ ቶሎ ሞተባት። አዝመራው ደጋን አቀበላት፤ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ የባለቤቷ ነው።»

አዝመራው ደጋኑን መልሶ ሰቀለው። «እንግዲያው ጆሮዎን ከእንጨቱ ያስጠጉ።»

ውብአየሁ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከቫዮሊኑ ጎን አስጠጋች። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር። ክሮቹን ነካች። ያን ጊዜ በሁለቱ ድምፆች መሐል ሦስተኛ ነገር ሰማች፤ «ዋ… ዋ… ዋ…» የሚል፣ እንደ ትንፋሽ የሚመላለስ።

«ይርገበገባል» አለች።

አዝመራው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እሱን ይከተሉ። መቃኛውን ሲያዞሩ ርግብግቡ ከፈጠነ ርቀዋል። ከዘገየ ቀርበዋል። ጭራሽ ሲጠፋ ደርሰዋል ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ለመስማት ስንት ወር ይፈጅባቸዋል። እርስዎ ምን ሲሠሩ ኖረው ነው?»

«ስልክ ቤት ነበርሁ» አለች፣ ጆሮዋን ከእንጨቱ ሳታነሣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት የውብአየሁ ሰዓት ሆነ። ቤቱን ከውስጥ ትዘጋለች፣ ስልኩን ታነሣለች፣ ላን ትይዛለች፤ ከላ ሬን፣ ከሬ ሶልን፣ መጨረሻ ሚን። አንዷ ስትስተካከል ሌላዋ ትሸሻለች፤ ሶልን ስትስባት ላ ዝቅ ትልባታለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅባት ነበር። ሲበቃት የፋናን ክፍል ከፍታ ትጠርጋለች፤ ሰው የማይረግጠው ወለል ምን ይቆሽሻል፣ ግን ትጠርጋለች። ልጅቷ በበሩ ስትገባ፣ ሳጥኑን ስትከፍት፣ «እትዬ፣ ማን ቃኘልዎ?» ስትል ይታያታል። መልሷንም አዘጋጅታለች፤ «ማን አለ ብለሽ?»

ለሀብቱ ግን አልነገረችውም። እሑድ ሲደውል ስለ ጉልበቷና ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ዝናቡ ሲገባ መቃኛዎቹ እርጥበት ጠጥተው አልላወስ አሉ፤ በሳሙና አባበለቻቸው። በሰኔ መጨረሻ አራቱንም ክሮች በሩብ ሰዓት ታስማማ ጀመር። አንድ ቀን ስሜነሽ በአጥሩ በኩል፣ «አንች፣ ዘፈኑ ግን መቼ ነው የሚጀመረው?» ብላ ጠየቀቻት። ውብአየሁ ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ስለነበር ድምፁ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

ፋና የደወለችው በሐምሌ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ቁጥሩ አዲስ ነበር፤ ድምፁ ግን ገና ከ«ሃሎ»ው ታወቃት። ድምፁ ውስጥ ያለውንም ሰማች። መርዶ የሚናገር ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ፋና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ፣ ጠፋሁ አይደል? ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ ገባሁ። ሥራ ይዣለሁ፤ የሒሳብ ሥራ ነው። ማስተማሩን ትቻለሁ።»

«ነፍስ ይማር፣ ልጄ። ነፍስ ይማር። ሳልሰማ…»

«ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል…»

«አዎ» አለች ውብአየሁ። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። «ቫዮሊንሽ ግን አለ። ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው።»

ሮጣ አመጣችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ክሮቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥላም ሁለት ሁለቱን ነካቻቸው።  

«ማን ቃኘው?» አለች ፋና።

ያን ሁሉ ወር ስትለማመደው የኖረችው መልስ ጠፋት። «እኔ ነኝ» አለች ብቻ።

«እትዬ… እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል እኮ። ላ ግን ዝቅ ብላለች። ሁሉም ዝቅ ብለዋል። ላን ከየት ነው ያመጧት?»

«ከቤቱ ስልክ። ከድምፁ።»

ፋና ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ያስታውቃል። ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ሳበችና «ይስሙኝ» አለች። ከንፈሯን ገጥማ አንዲት ድምፅ ይዛ ቆየች፤ «ም…»። «ላ ይችት ናት። እስከዚህ ያውጧት።»

ውብአየሁ ድምፁን ያዘችው።

«ስትመጭ ታወጫታለሽ» አለች።

«አልመጣም፣ እትዬ። ጣቴም ደንዝዟል። መሣሪያው እርስዎ ጋ ይቅር። ቢፈልጉ ለሰው ይስጡት። አደራውን አንሥቼልዎታለሁ።»

ተመራርቀው ተለያዩ። ውብአየሁ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አሥር ሰዓት ሲደርስ እጇን የምታደርግበት አጣች። ጎመኑን ቀንጥሳ ከጨረሰች በኋላ እንኳ ቢላዋውን አታስቀምጥም። የጓሮውን ክፍል አልጠረገችውም። አደራው ሲነሣላት ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ የቀለለው ቤቱ ነው እንጂ እሷስ አልቀለላትም። ሀብቱ በዚያ እሑድ ሲደውል፣ «ድምፅሽ ምነው?» አላት። «ብርድ ነው» አለችው።

በነሐሴ አጋማሽ ሳጥኑን ይዛ እንደገና እንጅባራ ሄደች። ለአዝመራው ልትሰጠው ነው፤ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል፣ የእሱንም ክር መመለስ ይሆንላታል። ትምህርት ቤቱ ግን ጭር ብሏል። የጥበቃው ሽማግሌ አስማረ ካፖርታቸውን ደርበው ከቆርቆሮ መጠለያቸው ወጡ።

«መምህሩ የሉም» አሏት። «ጥርባ፣ ቤተሰባቸው ጋ ናቸው። መስከረም ነው የሚመለሱ።»

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። መጠለያው ውስጥ አስገቧትና አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ቆይቶ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ «ምንድን ነው ይኸ?» አሉ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ቫዮሊን ነው።»

«እስቲ ያሰሙኝ።»

ከፈተችው። መንገዱ አናግቶት ሁሉም ቦታቸውን ለቀዋል። ውብአየሁ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከእንጨቱ አስጠጋች። ስልክ የለም፤ የፋናን «ም…» ከአእምሮዋ ፈልጋ አገኘችው። ላን ወደዚያ ከፍታ አወጣቻት። ከዚያ ሬን፣ ሶልን፣ ሚን። ርግብግቦቹ እየዘገዩ፣ እየዘገዩ ሄደው ጠፉ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው ይከታተሉ ነበር።

«ዘፈኑስ?» አሏት ስትጨርስ።

«ዘፈን አላውቅም፣ አባቴ። የማውቀው ይኸን ብቻ ነው።»

አስማረ አገጫቸውን አሹ። «እኔ በወጣትነቴ ፈረስ እጋልብ ነበር» አሉ። «ልጓሙን ማስተካከል፣ የኮርቻውን መቀነት ማጥበቅ፣ ከዚያ ፈረሱ ተነፋፍቶ እንደሆነ ጠብቆ እንደገና ማጥበቅ። ያን የማያውቅ ሰው ሲወድቅ ስንቴ አየሁ! ይድገሙልኝ እስቲ።»

ውብአየሁ ሬን ሆን ብላ አላላቻትና ደገመችላቸው። ስትቃኝ ለመስማት ብቻ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌው፣ «ይተዉልኝ፤ መምህሩ ሲመጡ እሰጣለሁ። የማን ነው ልበል?» አሏት።

ውብአየሁ የሳጥኑን መዝጊያ ይዛ ቆመች። «የኔ ነው» አለች። «ይዤው ልሂድ።»

በመስከረም የጓሮዋን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራየች። ነርሷ ተረኛ ስትሆን አታድርም፣ ስትመጣም ትተኛለች፤ ከሰላምታ በቀር ብዙ አይገናኙም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውብአየሁ እንጅባራ ትሄዳለች። አዝመራው ደጋን አያያዝ ያሳያታል፤ ድምፁ የዛገ በር ይመስላል። እስካሁን አንድ ሙሉ ዜማ የላትም። ሀብቱ ባለፈው እሑድ ሲደውል ከኋላዋ የሚሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ስሜነሽ ነበረች ቤቱ ውስጥ ክሩን የምትነካካው። ውብአየሁም ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ አጫወተችው። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጣት።